ከካይሮ እስከ ዲላ የመጣ አንቀጽ

ስሙኝማ። ወንበር የጎደለው ከወዲያ ሳብ ያድርግ፣ ስልክ የያዘም ለጊዜው ኪሱ ይክተተው። ወሬያችን የሚጀምረው ግን ከስልክ ነው።

ጊዜው ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው። ዲላ ያን ወር ጉዳይ በዝቶባታል። የደቡብ ክልል ተከፋፍሎ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የተመሠረተው በዚያው ነሐሴ ነው፤ ጌዴኦም ከነወላይታ፣ ከነጋሞ፣ ከነኮንሶ ጋር አዲስ ቤት ገባ። ሌላም የሚጠበቅ ነገር ነበር። እንሰቱና ቡናው ከትልልቁ ዛፍ ሥር አብሮ የሚያድግበት የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሊመዘገብ ቀርቦ ነበር፤ መስከረም ላይም ተመዘገበ። በዚህ ሁሉ መሀል፣ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው አዲስ አበባ፣ አንድ ማስታወቂያ ከስልክ ወደ ስልክ እየዘለለ ደረሰን።

የጻፈው የአዲስ አበባ ከተማ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ ነው። ግብረ ሰዶም ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎች፣ መጠጥ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰድ ጀምሬያለሁ ይላል። ከሕዝብ በደረሰ ጥቆማ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ተፈትሿል፣ ኃላፊውም ተይዟል፤ ኅብረተሰቡም መጠቆሙን ይቀጥል ይላል። እስከዚህ ድረስ የፖሊስ አነጋገር ነው፤ ለምደነዋል። ወረድ ሲል ግን ድምፁ ተለወጠ። ነገሩ በሰውም በፈጣሪም ዘንድ የተጠላ አስጸያፊ ድርጊት እንደሆነ ገለጸ። እርምጃውም ለፈጻሚዎቹ ብቻ አይደለም፤ ለእነሱ ርኅራኄ የሚያሳይም ቢኖር አይቀርለትም ተባለ።

እኔ እዚህ ላይ ቆምኩ። ፈጣሪ የሚጠላውን ቄሱ ቢነግሩኝ ይገባኛል። ፓስተሩም፣ ሼኩም ቢሉኝ ሥራቸው ነው። የጸጥታ ቢሮ ይህን ከማን ሰማ? የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ብሎ ነው የጀመረው፤ የመንግሥት ሃይማኖት አይኖርም፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። አጥሩ እንዲህ በግልጽ ታጥሮ ሳለ ማን ዘለለው? ይህን ለመናገር ወደ ኋላ መሄድ ሊኖርብን ነው፤ ወደ ስምንት መቶ ዓመት ገደማ። አይዟችሁ፣ መንገዱ ያጓጓል።

ካይሮ እንግባ። በእነሱ አቆጣጠር 1240 ገደማ ነው። አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል የሚባል የቅብጥ ክርስቲያን ሊቅ በዐረብኛ አንድ የሕግ መጽሐፍ አዘጋጀ። ቅብጦቹ በሙስሊም ገዥዎች ሥር የሚኖሩ አናሳ ሕዝብ ነበሩ፤ ንጉሥ የላቸው፣ ጦር የላቸው፣ ወህኒ የላቸው። ለማኅበራቸው መተዳደሪያ ሕግ ግን ይፈልጋሉ። መጽሐፉ 51 አንቀጽ ነበረው፤ የመጀመሪያዎቹ 22 መንፈሳዊ፣ የቀሩት 29 ዓለማዊ። ለመንፈሳዊው ከመጻሕፍት ቅዱሳንና ከጉባኤያት ቀኖና ወሰደ፤ ለዓለማዊው ደግሞ ከሮማ ነገሥታት ሕግ፣ ማለትም ከቁስጥንጥንያ ተበደረ።

ቁስጥንጥንያ በዚህ ጉዳይ ላይ ጨካኝ ነበረች። በ6ኛው መቶ ዓመት ንጉሡ ዮስጢንያኖስ ወንድ ከወንድ የሚተኛባት አገር ረኃብ፣ የምድር መንቀጥቀጥና ቸነፈር ይመጣባታል ብሎ ሕግ አወጣ። እዩት እንግዲህ፤ የሁለት ሰዎች መኝታ የአገር መቅሰፍት ምክንያት ሆነ። አንድ ጊዜ እንዲህ ከተባለ በኋላ ደግሞ ንጉሡ ሳይጠየቅ ይገባል፤ መቅሰፍት መከላከል የንጉሥ ሥራ ነዋ። በ8ኛው መቶ ዓመት የወጣውም የዚያው መንግሥት ሕግ ፍርዱን በሰይፍ አደረገው።

የካይሮው መጽሐፍ ይህን ብድር ይዞ ወደ እኛ ሲመጣ በግእዝ ተተረጎመ። ትውፊቱ ዘመኑን የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ተርጓሚውንም ጴጥሮስ ዐብደ ሰይድ ይለዋል። ስሙም ፍትሐ ነገሥት ሆነ። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። ሰይፍ የሌለው ሕዝብ ለራሱ የጻፈው መጽሐፍ፣ ሰይፍ የታጠቀ ንጉሥ እጅ ገባ። ካይሮ ላይ ቄስ ለምእመኑ የሚያነበው ምክር የነበረው፣ ጎንደር ላይ ዳኛ የሚፈርድበት ሆነ። ቃሉ ሳይለወጥ ሥራው ተለወጠ።

ዲላ እስኪደርስ ደግሞ ሌላ ዘመን ፈጀበት። የምኒልክ ጦር ወደዚህ የመጣው በ1880ዎቹ ነው። ከጦሩ ጋር ታቦት መጣ፣ ገባርነት መጣ፣ ዳኛም መጣ። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ሲዳሞን በገዙበት ዘመን የዚህ አገር ገበሬ ስለ መሬቱ ሲከሰስ የሚሰማው ቋንቋ የራሱ አልነበረም፤ የሚፈረድበትም መጽሐፍ እንዲሁ። ገባርነቱ ምን ያህል እንዳንገበገበው በ1952 ዓ.ም. ምጭሌ ላይ አሳይቷል፤ ገበሬው በባለርስቶቹ ላይ ተነሳ፣ ብዙ ሰውም አለቀበት። እሱ ሌላ ቀን የሚተረክ ነው።

ጌዴኦ ያኔ ፍርድ አጥቶ አልነበረም። ባሌ በሚባል ባህላዊ ሥርዓት የሚመራ፣ አባ ገዳ ያለው፣ በየቀዬው በሶንጎ የሚቀመጥ ሕዝብ ነው። ሶንጎ ላይ ከሳሽ ይናገራል፣ ተከሳሽ ይናገራል፣ ሽማግሌ ይመረምራል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ እርቅ ይወርዳል። ሁሉ ነገር ለምለም ነበር አልላችሁም። ሶንጎም ነውር የሚለው ብዙ ነው፤ ሴት ልጅን ስንት ጊዜ ዝም አሰኝቷል። ብቻ ነገሩ የሚጀምረው “ማን ተበደለ?” ከሚል ነው።

    

ጉዳያችንን በቀጥታ የሚነካው ታሪክ ግን ከወደ ማሌ ነው፤ ደቡብ ኦሞ። ማሌና ጌዴኦ ዛሬ የአንድ ክልል ሰዎች ናቸው። ዶናልድ ዶንሃም የሚባል አሜሪካዊ የባህል ተመራማሪ በአብዮቱ ሰሞን ማሌ ተቀምጦ ያጠና ነበር፤ በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉም አሽቲሜ ስለሚባሉ ሰዎች ጻፈ። ወንድ ሆነው የተወለዱ፣ እንደ ሴት የሚለብሱ፣ የሴት ሥራ የሚሠሩ፣ የራሳቸውን ጎጆ የሚያስተዳድሩ ናቸው፤ ከወንዶችም ጋር ይተኙ እንደነበር ተነግሮታል። በድሮው ጊዜ በማሌ ንጉሥ ቤት ዙሪያ የታወቀ ቦታ ነበራቸው፤ ንጉሡም ይጠብቃቸው ነበር። ማሌዎች እኩል ያዩአቸው ነበር ወይ? አይመስለኝም፤ በዶንሃም ጊዜም ጥቂት ቀርተው ነበር። ሆኖም ስም ነበራቸው፣ ቤት ነበራቸው፣ የሚያኖራቸውም ነበር። “ይህ ነገር ከፈረንጅ መጣ” የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ማሌን ጠይቅ በሉት። ፈረንጅ ያመጣውን እኔ አሁን እነግራችኋለሁ።

ፈረንጁ ዣን ግራቨን ይባላል፤ የጄኔቭ የሕግ ፕሮፌሰር ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. አንድ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አውጥተው ነበር፤ ፍትሐ ነገሥትን መሠረት አድርጎ። ከጦርነቱ በኋላ ግን አገሩን በዘመናዊ ሕግ ማደራጀት ፈለጉ፤ ለወንጀሉ ግራቨን ተጠራ፣ በፈረንሳይኛም አረቀቀ። ሕጉ የታወጀው ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ልደት ነው፤ ሥራ ላይ የዋለውም በማግሥቱ ዓመት ሚያዝያ 27፣ በድል ቀን። መግቢያው ላይም ፍትሐ ነገሥት በክብር ተጠቅሷል።

አሁን ልብ በሉ። ግራቨን ለረቂቁ በዋናነት የተመለከተው የአገሩን የስዊስ ሕግ ነው። የስዊስ የወንጀል ሕግ ደግሞ ከ1942 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ አዋቂ የሆኑ ሁለት ሰዎች ተፈቃቅደው የሚያደርጉትን ከወንጀልነት አውጥቶታል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ወንጀል ተብሎ አንቀጽ 600 ሆኖ ገባ። በአገሩ የተፋቀው ለእኛ ተጻፈ። የስዊሱ ሕግ የተወውን ቀዳዳ በፍትሐ ነገሥት ደፈኑት ማለት ነው። እርግጥ ሰይፉ ቀርቷል፤ ቅጣቱ ቀላል እሥራት ሆኗል። መቅሰፍቱም አልተጠቀሰም። ሕጉ የጄኔቭ ልብስ ለበሰ፣ ውስጡ ግን ያው የካይሮው ነበር።

ከዚያ ወዲህ መንግሥት ሲለዋወጥ አንቀጹን የነካው የለም። ንጉሡ ወረዱ፣ አንቀጹ ቀረ። ደርግ እግዚአብሔር የለም እያለ አንቀጹን አስቀመጠ። ኢሕአዴግ በ1996 ዓ.ም. አዲስ የወንጀል ሕግ ሲያወጣ ቁጥሩን 629 አደረገው፤ ግንቦት 1 ቀን 1997 ሥራ ላይ ዋለ። ቀላል እሥራት ማለት በዚሁ ሕግ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ እስከ 5 ይዘልቃል። 630 የሌላውን ችግር ወይም የራሱን ሥልጣን ተጠቅሞ ለሚያደርገው ቅጣቱን ያከብዳል፤ ኃይል ለሚጠቀመው እስከ 15 ዓመት። ሕፃናትን የሚነካው በ631 ለብቻው ተቀምጧል፤ እሱ ላይ የሚከራከር ሰው አላውቅም፣ እኔም አልከራከርም። ግን አስተውሉ፣ በየመድረኩ ስለ 629 ወሬ ሲጀመር ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ተናጋሪው ወደ 631 ይሻገራል። ሁለት አዋቂዎችን ከልጅ ደፋሪ ጋር በአንድ ገመድ አስሮ ይጎትታቸዋል። ይህን የሚያደርገው ሳያውቅ አይደለም።

እስቲ ደግሞ ወደ ራሳችን ቤት። በ1941 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ሁለት የኤስ.አይ.ኤም. ሚስዮናውያን፣ አልበርት ብራንትና ግሌን ኬይን፣ ዲላ ዳር ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ድንኳን ተከሉ። ከዚያ በፊት ዋራሳ ዋንጌ የሚባል የጌዴኦ ሰው፣ ፈጣሪውን ማጌኖን፣ ራስህን ግለጥልን ብሎ ሲለምን፣ ሁለት እንግዶች ከዛፍ ሥር መጠለያ ሲሠሩ በራእይ አይቶ ነበር ይባላል። የነገረን ሚስዮናዊ ነው፤ የቀረውን ማጌኖ ያውቃል። ፍሬው ግን ይታያል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የጌዴኦ ሕዝብ ከመቶው ከሰባ በላይ ፕሮቴስታንት ነኝ ብሎ ተመዝግቧል።

ያ እምነት በነጻ አልተገኘም። ይህን ለእናንተ ለልጆቹ መንገር አለብኝ፣ ረስታችሁታልና። በንጉሡ ዘመን ሙሉ ወንጌሎች ምዝገባ ተከልክለው በሰው ቤት ነበር የሚጸልዩት፤ በ1964 ዓ.ም. ነሐሴ አዲስ አበባ ላይ አንድ እሑድ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተለቅመው ታሰሩ። ክሱ ያልተፈቀደ ስብሰባ የሚል ነው። ደርግ ሲመጣ ደግሞ ስማቸው “መጤ ሃይማኖት” ሆነ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 1971 ተጠልፈው ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በደቡብ የቃለ ሕይወት አጥቢያዎች በብዛት ተዘጉ። ሰው በሌሊት፣ በሹክሹክታ፣ መጋረጃ ጋርዶ ይዘምር ነበር። ጠቋሚ ይፈራ ነበር፤ ጠቋሚውም ብዙ ጊዜ ጎረቤት ነው።

“ጋሼ፣ ታዲያ እኛን ከእነሱ ጋር ሊያመሳስሉን ነው?” የሚል ድምፅ ከወደ በሩ ሰማሁ።

ሰዎቹን አላመሳሰልኩም፤ የተሰበረውን በር ነው ያመሳሰልኩት። የተከሰሱበትም ቃል አንድ ነው፦ መጤ፣ ከውጭ የመጣ፣ ያልተፈቀደ ስብሰባ።

“መጽሐፍ ቅዱስ ግን ግልጽ ነው እኮ፣ ጋሼ።”

መጽሐፍ ቅዱሱን ለፓስተርህ ትቼልሃለሁ። ቤተ ክርስቲያን ማንን እንደምታጋባ፣ ማንን እንደምታቆርብ የራሷ ሥልጣን ነው። መካነ ኢየሱስ በ2005 ዓ.ም. ጥር ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካዋ ሉተራን ጋር በዚሁ ጉዳይ ግንኙነቷን አቋረጠች፤ የረጅም ዘመን ወዳጆቿንና ረዳቶቿን። ዋጋ ከፍላ በአቋሟ ጸናች። በዚህ የምወቅሳት ነገር የለም፤ ይህ በአጥሯ ውስጥ ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ፖሊሱ በር ሲያንኳኳ የማንን መጽሐፍ ይዞ ነው?

አጥሩ ሲዘለል ደግሞ ያየነው በተራ ነው። በ2001 ዓ.ም. ታኅሣሥ የኦርቶዶክሱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ፣ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት መሪዎችም ባሉበት አዲስ አበባ ላይ ጉባኤ ተደረገ። በሌላው ነገር ሲከራከሩ የኖሩት በዚህ ተስማሙና፣ ክልከላው በሕገ መንግሥቱ እንዲገባ የሕግ አውጪዎችን ጠየቁ። ልብ በሉ፣ የወንጀል ሕጉ አስቀድሞ ይከለክላል። አልበቃቸውም፤ አንቀጽ 11 ባለበት በዚያው ሰነድ ውስጥ እንዲጻፍ ነው የፈለጉት። ሕዝቡስ? በ2007 እ.ኤ.አ. ፒው የሚባለው የአሜሪካ ጥናት ድርጅት ሲጠይቅ ከመቶ ኢትዮጵያዊ 97ቱ ማኅበረሰቡ ይህን መቀበል የለበትም ብሎ መልሷል። ስለዚህ መንግሥት የሚፈራው ሰው አልነበረም።

የሚገርመው፣ መንግሥት እንዲህም ሆኖ አንዳንዴ ያመነታ ነበር። ኅዳር 2004 የአፍሪካ የኤድስ ጉባኤ አዲስ አበባ ሊካሄድ ሲል፣ በዋዜማው የግብረ ሰዶማውያንን የጤና ጉዳይ የሚመለከት ስብሰባ መኖሩ ተሰማ። የሃይማኖት አባቶቹ ተቃውሟቸውን ሊያሰሙ ጋዜጠኛ ጠሩ። የጤና ጥበቃ ሚኒስትሩ ቴዎድሮስ አድኃኖም መጥተው አነጋገሯቸው፤ መግለጫውም ቀረ። ከመላው አፍሪካ የተጠራ እንግዳ አየር ማረፊያ ላይ እየወረደ ነዋ።

ከሁሉ ግን የ2006ቱን ስሙኝ። በምሕረትና ይቅርታ አሰጣጥ ላይ አዲስ ሕግ ሲረቀቅ፣ ግብረ ሰዶም ይቅርታ ከማያሰጡ ወንጀሎች ጋር ተጽፎ ነበር፤ ከሽብር ጎን ማለት ነው። ወይንዬ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተባለው ማኅበርና የአዲስ አበባ ወጣቶች ፎረም ለሚያዝያ 18 ሰልፍ ጠሩ። ሰው ሁሉ ሕጉም ሰልፉም አይቀርም ሲል፣ የመንግሥት ቃል አቀባይ የነበሩት ሬድዋን ሁሴን ሁለቱም ቀርተዋል አሉ። ነገሩ የሚጋነነውን ያህል ከባድ አይደለም፣ ያለው ቅጣትም ይበቃል ነው የተባለው። በዚያው ዓመት ዑጋንዳ ጥብቅ ሕግ በማውጣቷ ለጋሾች ገንዘብ ሲይዙባት እኛ እናይ ነበር። ምሕረት ይሁን ሒሳብ እናንተ ፍረዱ። እኔ ሒሳብ ነው ባይ ነኝ። መንግሥት ይህን ጉዳይ የሚያወጣውም የሚያስገባውም እንደ ጊዜው ነው፤ ከመድረኩ ጭብጨባ ሲፈልግ ያወጣዋል፣ እንግዳ ሲመጣበት ያስገባዋል።

በ2011 ክረምት ሲገባ ደግሞ ቶቶ ቱርስ የሚባል የቺካጎ አስጎብኚ ግብረ ሰዶማውያን ደንበኞቹን ወደ ላሊበላና ባሕር ዳር ሊያመጣ ነው ተባለ። ሠለስቱ ምሕረት የተባለው ማኅበር መንግሥት እንዳያስገባቸው ጠየቀ። ለአስጎብኚው የግድያ ዛቻ ጎረፈለት። ላሊበላን ሊጎበኝ ያሰበ ሰው እንዲህ ከተባለ፣ ላሊበላ የተወለደውስ?

ጎረቤቶቻችንንም ላንሳ፤ ደጃችን ላይ ያለው አስፋልት ሞያሌን አልፎ ናይሮቢ ይገባልና። የኬንያ ሕግ እስከ 14 ዓመት ያስራል፤ እንግሊዝ የተወላቸው ነው። ግንቦት 2011 የናይሮቢው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሻር ተብሎ ሲጠየቅ አልሻረውም። ዑጋንዳ በ2015 ግንቦት ለአንዳንዱ ዓይነት የሞት ቅጣት ደነገገች፤ ከሕጉ ፊት የተሰለፉት ሰባኪዎች ነበሩ። ሱዳን ግን በሸሪዓ ስም ግርፋትና ሞት የሚያስፈርደውን ሕጓን ሐምሌ 2012 አሻሽላ ሁለቱንም አነሳች፤ እሥራቱ ቀርቷል። ኢራንና ሳዑዲ ውስጥ የሃይማኖቱ ሕግ ራሱ የመንግሥት ሕግ ነው፤ እዚያ ቢያንስ ማን እንደሚፈርድብህ ታውቃለህ። የእኛው ፖሊስ ግን በወንጀል ሕግ መጥቶ በኦሪት ያነብልሃል።

እንግዲህ ነሐሴ 2015 ደረስን። ከማስታወቂያው ጋር እኩል ቲክቶክ ነደደ። ሰዎች የሌላውን ፎቶ ከነስሙ እየለጠፉ፣ ግረፏቸው፣ ውጓቸው፣ ግደሏቸው ይሉ ነበር። ቤተ ጉራማይሌ የሚባለው፣ በስደት ባሉ ኢትዮጵያውያን የተመሠረተ የመብት ድርጅት፣ ቪዲዮዎቹ ይውረዱ ብሎ ጮኸ። ቢሮው በሩን ከፈተ፣ መንደሩ ገባበት።

629 የሚሠራው እንዲህ ነው። ተፈቃቅደው የተኙ አዋቂዎች ፍርድ ቤት ቆመው የተፈረደባቸው መዝገብ ፈልጉ ብላችሁ እምብዛም አታገኙም። ሕጉ ዋና ሥራውን የሚሠራው ከችሎት ውጭ ነው። አከራይ ቤት ያስለቅቅበታል። አለቃ ያባርርበታል። ወንድም እህቱን ይደበድብበታል። ስልክ የሰረቀ ሌባ ውስጡ ያለውን ፎቶ አይቶ፣ ወይ ገንዘብ ወይ ለቤተሰብህ እልካለሁ ይልበታል፤ የተዘረፈውም ፖሊስ ጋር አይሄድም፣ ሄዶ ምን ይላል? እርስ በርሳቸው “ዜጋ” ይባባላሉ፤ ሌላው እንዳይሰማ።

እዚህ ዲላስ? አንዷ እህቴ ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም፤ የአንድ ሰው ታሪክ እየጠበቀች ነው። ተራኪ ሰው ሳይጠራ ምኑን ተራኪ ሆነ? ልክ ነሽ። ግን ዲላን ታውቂያታለሽ። “አንድ መምህር” ብል በማግሥቱ ሦስት መምህር ይጠረጠራል። “ከወደ ገበያው” ብል የቡና ነጋዴው ልጅ ይታያል። ዩኒቨርሲቲው ብል ሁለት ሆነው የተከራዩ ተማሪዎች ቤት ይንኳኳል። በዚህ ጉዳይ ታሪክ መናገር ራሱ ጥቆማ ነው። ስለዚህ ከካይሮ ጀመርኩላችሁ፤ አል-አሳልን ማንም አከራይ አያስወጣውም።

ጌዴኦ ደግሞ በር ሲንኳኳ ምን እንደሚመስል የሚነግረው አያስፈልገውም። በ2010 ሚያዝያና ሰኔ ከምዕራብ ጉጂ ስንት መቶ ሺህ ሰው ተፈናቅሎ በየትምህርት ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ እንዳደረ እናንተው አይታችኋል፤ ገሚሶቻችሁም ከእነሱ ጋር አድራችኋል። የተፈናቀለውን ማን ብለን ሳንጠይቅ ነው ቆጮ ያቀረብንለት።

“ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት” አለኝ ይኸው ከፊቴ የተቀመጠው ልጅ። “ነገ ያ ማስታወቂያ እኛም ጋ ቢመጣ፣ አንድ ፖሊስ ስለ ጎረቤቴ ቢጠይቀኝ፣ ሕግ ላለማፍረስ ምን ልበል?”

ጥሩ ጠየቅህ። 629 የሚቀጣው የተፈጸመ ድርጊትን ነው። ስለ ሰው አረማመድ የሚል የለበትም። ስለ ድምፁ፣ ስለ ፀጉሩ፣ ሳያገባ ስለ መቆየቱ፣ ከማን ጋር ቤት ስለ መከራየቱ አይናገርም። ርኅራኄን የሚቀጣ አንቀጽም ከዳር እስከ ዳር ብታገላብጥ አታገኝም፤ ቢሮው ራሱ የጨመረው ነው። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 26 የሰው ቤት እንዳይበረበር፣ ደብዳቤውና ስልኩ እንዳይደፈር ይጠብቃል፤ የጎረቤትህም ቤት ቤት ነው። ስለዚህ ፖሊሱ ሲጠይቅህ አላየሁም በለው። ውሸት እንዳይመስልህ፤ አላየህማ።